የፈንታ ነጭ አፈር

ሰኞ

ሦስተኛው ረድፍ ወድቋል። ዓርብ ስወጣ የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ነበር የገረጣው። ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ገብሱ ተኝቶ፣ ገለባ መስሎ ጠበቀኝ። ገብሱ በተዘራባቸው ባልዲዎች መሃል ቁጢጥ ብዬ አየሁት። ሙከራዬን ከምሠራበት የላስቲክ ቤት ጣሪያ ጤዛ ጠብ ጠብ ይላል። ውጭው ጉም ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች እንኳ አይታዩም። ዓለም ላይ የቀረነው እኔና ይኼ የሚሞት ገብስ ብቻ መሰለኝ።

አፈሩ የእህቴ ነው። ፈንታ አፋር ውስጥ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር፣ ከባሏ ከደሳለኝ ጋር የመስኖ መሬት ተከራይተው ያርሳሉ። መጀመሪያ ጥጥ ዘሩ፤ ከዚያ ሽንኩርት፤ ከዚያ ምንም። ውሃ ባጠጡት ቁጥር መሬቱ ይነጣል። "ውርጭ የጣለበት ነው የሚመስለው እናኑዬ፤ ጠዋት ስነሳ እንጅባራ የነቃሁ ይመስለኛል" አለችኝ አንድ ቀን በስልክ፣ እየሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ።

ከእህል ሁሉ ጨው የሚችለው ገብስ ነው ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ለሁለተኛ ዲግሪዬ ማሟያ እንደዚያ ዓይነት ነገር ላይ መሥራት ጀምሬ ነበር፤ የሱቅ ጨው በውሃ እየበጠበጥኩ ገብስ አጠጣለሁ። ብዙም ሳይቆይ ደሳለኝ አንድ ጆንያ አፈር በጭነት መኪና ላከልኝ። "እዚህ ላይ ሞክሪልን" ብሎ። ሞከርኩ። ዘሩን ያመጣሁት ከአባዬ ጎተራ ነው።

ሦስት ረድፍ አለኝ። የመጀመሪያው፣ አፈሩን ሥሩ በተበሳ ባልዲ አድርጌ፣ ንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አሳልፌበት፣ ከታጠበ በኋላ የዘራሁበት ነው። ሁለተኛው አፈሩ ያልታጠበ፣ ገብሱ ግን በደህና አፈር በቅሎ ጠና ካለ በኋላ፣ ጥቂቱን ለማወዳደሪያ እዚያው ትቼ፣ ያዛወርኩት ነው። ሦስተኛው እንዳለ፣ እንደ መጣ አፈሩ ላይ የተዘራው። እሱ ነው ዛሬ የሞተው።

በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ለባለመሬቱ "ይዘናል" ወይም "ለቀናል" ማለት አለባቸው። ከለቀቁ ደሳለኝ ወደ ጅቡቲ፣ ወደብ ላይ ጭነት ሊሠራ ይሄዳል። ፈንታ ከልጇ ጋር ብቻዋን የት እንደምትሆን ማንም አልነገረኝም። ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች።

ማክሰኞ

ዛሬም ጉም። እስከ ረፋድ አልገለጠም።

ባልዲዎቹ አጠገብ ተቀምጬ ስለ ሥር አስብ ነበር። ጨው ባለበት አፈር ውስጥ ያለ ሥር ውሃ ዙሪያውን ከቦት ይጠማል። ውሃውን ጨው ይዞበታላ። ስለዚህ ገብሱ መጀመሪያ ማደግ ያቆማል። ቅጠሉ ላይ ያሉትን ደቃቅ ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል። ሥሩ በሩ ላይ ቆሞ ጨዉን "ወደዚያ" ይላል። ሁሉንም ግን መመለስ አይችልም፤ ጥቂቱ ሾልኮ ይገባል። ከውስጥ ደግሞ ጣፋጭ ነገር ያጠራቅማል፤ በዚያ ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል። ይኼን ሁሉ ስጽፈው ትምህርት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሳስበው ግን አንድ ሰፊ፣ ጨለማ፣ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ሰዎች በሹክሹክታ የሚሠሩ ይመስለኛል። ሳላውቀው እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። የነቃሁት አንገቴ ላይ ጤዛ ሲያርፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፈንታ ደወለች። ስለ ሦስተኛው ረድፍ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ስለ አንድ ዛፍ አወራችልኝ። ወንዙ ዳር የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ። ሌሊት ቅጠሉ ላይ ጨው ያልበዋል፤ ጠዋት ፍየሎች ይልሱታል።

"ሰላምም ትልሳለች" አለች። ሰላም ልጇ ናት። "ከፍየሎቹ ጋር ተሰልፋ። ተይ ስላት 'እማዬ፣ ዛፉ እያለቀሰ ነው' ትለኛለች።"

"አያለቅስም በያት። የማይፈልገውን እያስወጣ ነው በያት።"

"እሱን ራስሽ መጥተሽ ንገሪያት" አለችኝ።

ፈንታ ለሌላ ሰው ታጭታ ነበር። ጠላው ተጠንስሶ፣ ዳሱ ሊጣል እንጨቱ ተቆርጦ፣ ሠርጉ ሲቃረብ ከደሳለኝ ጋር ሄደች። አባዬ ለተጠራው ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ "ቀርቷል" ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሰው እንላክ ቢባሉ እምቢ አሉ። እናታችን ያረፈች ጊዜ ፈንታ መጥታ ለቅሶ ተቀመጠች። አባዬ አላባረሯትም። ግን በሌላ ሰው አፍ ነበር የሚያናግሯት። "ያችን ልጅ እህል ቅመሺ በሏት" ይላሉ፣ ክንዷ ክንዳቸውን እየነካ። ለቅሶው ሲያበቃ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

ረቡዕ

አባዬ መጡ!

ዓይናቸውን ሊታዩ ከአገራችን ከግምጃ ቤት ከተማ በሚኒባስ መጥተው፣ ከክሊኒኩ ሲወጡ ባጃጅ ይዘው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ወረዱ። ጥበቃው ነው ስልክ የደወለልኝ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የሐኪም ወረቀታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እዚህ ግቢ የገቡት ገና ዛሬ ነው። "የምትውይበትን ቤት አሳይኝ" አሉኝ። የማድርበትን ሳይሆን የምውልበትን።

የላስቲክ ቤቱ ውስጥ ሲገቡ አጎነበሱ፤ በሩ ዝቅ ስላለ ነው፣ ግን ቤተ ክርስቲያን የሚገቡ መሰሉኝ። ሙቀቱ ደስ አላቸው። ቅጠሎቹን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ በየረድፉ ሄዱ።

"ይኼ የእኔ ገብስ ነው?"

"አዎ አባዬ። ከጎተራዎ የወሰድኩት ነው።"

"ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የሆነው?"

"አፈሩ ነው። ጨው አለበት።"

"የት አገር ነው እንዲህ ያለ አፈር?"

ልዋሽ እችል ነበር። አፌ ውስጥ ሌላ መልስ አዘጋጅቼም ነበር። "የፈንታ ነው" አልኩ።

ከሞተው ረድፍ አንዱ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው አፈር ቆነጠሩ፤ ምላሳቸው ላይ አደረጉት። አልተፉትም። ቆመው ቆዩ። ጉንጫቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

"ሰው ይኖርበታል?" አሉኝ በመጨረሻ። እስከዚያ ድረስ በአማርኛ ነበር የምናወራው፤ ይኼን ግን በአዊኛ አሉት፤ ቤት ውስጥ እንደምንነጋገረው።

"ይኖርበታል። ልጅም አለቻት።"

"አውቃለሁ" አሉ።

ከማን እንዳወቁ አልጠየቅኩም። ምሳ እንብላ ብላቸው "መኪና ያመልጠኛል" አሉኝ። መኪና አያመልጥም፤ እስከ ማምሻ አለ። እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ድንቹ አወሩልኝ፤ ሚኒባሱ ሲነሳ ግን በመስኮቱ እኔን አላዩኝም። እጃቸውን እያዩ ነበር።

ሐሙስ

ውርጭ ጥሏል። ሜዳው ሁሉ ነጭ። ወደ ግቢው ስሄድ ሜዳው ላይ ከሚግጡት ፈረሶች ሳይቀር እንፋሎት ይነሳል። የፈንታን ነገር አስታወስኩ፤ እሷ ነጭ መሬት ስታይ አገሯ ትመጣለች፤ እኔ ደግሞ አገሬ ላይ ቆሜ ነጭ ሳይ ወደ እሷ ሄድኩ። ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ተማሪ "ምን ጠፋብሽ?" ብላ አለፈች።

ኔትወርክ የለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው። ምክንያቱን ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ያወራል።

ሁለተኛው ረድፍም ሊሄድ ነው። የታች ቅጠሎቹ በሙሉ ቡናማ ሆነው ተጠቅልለዋል። እነቅለዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ነቅዬ፣ ሥሩን ለክቼ፣ መዝግቤ፣ ለፈንታ "ልቀቁት" እላታለሁ። አረፍተ ነገሩን ሁሉ በልቤ አሰናዳሁ። "ፈንታዬ፣ ሞክሬ ነበር።"

አማካሪዬ ለሌላ ጉዳይ ሲገባ መቁረጫው እጄ ላይ ነበር። ረጋ ያለ ሰው ነው። ባልዲዎቹን አየና "ከውጭ ወደ ውስጥ አይተሻቸዋል?" አለኝ።

"እንዴት?"

"መሃሉን ክፈቺ።"

የሞቱትን ቅጠሎች ገለል ገለል አደረግኩ። መሃል ላይ፣ ተጠቅልሎ፣ እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ነገር። አንዱ ላይ ብቻ አይደለም። ቀጣዩም ላይ አለ። ቀጣዩም ላይ። ሁሉም ላይ አይደለም፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። የቀሩት ላይ ግን አለ።

ይኼን አንብቤው ነበር። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ሾልኮ የገባውን ጨው ገብሱ ወደ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ይልከዋል፤ እነሱ ውስጥ ይከተዋል፤ ይቆልፍበታል። አሮጌዎቹ ይሞታሉ። ለጋው ይተርፋል። አንብቤዋለሁ፣ ግን የሚሞቱትን ስቆጥር የሚወለደውን አላየሁም።

አማካሪዬ ከወጣ በኋላ የሞተ ቅጠል ቆርሼ አኘክሁ። ጨው ጨው ይላል። ከለጋው ደግሞ ጫፉን ቀነጠስኩ። ሣር ሣር፣ ትንሽ ጣፋጭ። መለኪያ መሣሪያ እያለ ቅጠል የምታኝክ ተማሪ እንዳይሉኝ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ማንም የለም። ሳቅሁ።

ዓርብ

ኔትወርክ ተመለሰ።

ከመደወሌ በፊት የምለውን በሥርዓት ላስቀምጥ ብዬ አሰብኩ፦
አፈሩ ታጥቦ የተዘራው ቆሟል፤ ቁመቱ ግን ደህና አፈር ላይ ካለው በግማሽ ያንሳል።
ጠና ካለ በኋላ የተዛወረው ብዙው ተርፏል።
እንዲሁ የተዘራው አልቋል። ገብስ ጨውን የሚፈራው ሕፃን ሳለ ነው።
ስለዚህ መሬቱን በብዙ ውሃ አጥቦ፣ ያ ውሃ የሚወጣበት ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ፣ ከዚያ መዝራት። ቦይ ከሌለ ውሃው ታች ተኝቶ ጨዉን መልሶ ወደ ላይ ያመጣዋል።

አማካሪዬ አንድ ነገር ጨመረልኝ። "ባልዲ መሬት አይደለም። ይኼንንም ንገሪያት።" እሱንም ጻፍኩት።

ፈንታ ሁሉንም ሰማችኝ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ "ስለዚህ ይበቅላል" አለች።

"ቦይ ከተቆፈረ።"

"ቦይ።" ረጅም ትንፋሽ። "ማን ይቆፍራል እናኑዬ? ደሳለኝ አንድ ሰው ነው። የቀን ሠራተኛ የምናመጣበት የለንም። እሱ ደግሞ ልቡ ሄዷል። ልብሱን በማዳበሪያ አስሮ በር ሥር አስቀምጦታል። ስወጣና ስገባ ያደናቅፈኛል።"

"ፈቶ ያስቀምጠዋ።"

"አንቺ ንገሪው። እኔ ደክሞኛል" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ገብሱ ምን ይመስላል?" አለችኝ።

ነገርኳት። መሃሉን፣ መርፌዋን ሁሉ። "የአባዬ ገብስ ነው" አልኳት።



ቅዳሜ

ወደ ቤት ሄድኩ። ግምጃ ቤት ገበያ ነው፤ ሚኒባሱ ጢም ብሏል፤ እግሬ ሥር የሰው ዶሮዎች ነበሩ። ከከተማው እስከ እኛ ቤት በእግር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ክረምቱ ጥሎት የሄደው ውሃ በየሜዳው ተኝቶ ያበራል።

አባዬ ገበያ አልሄዱም። በረንዳው ላይ ቆዳ አንጥፈው ገብስ ይለቅማሉ። ከጎተራው ካወጡት ላይ ደህና ደህናውን ፍሬ ወደ አንድ ጎን፣ ቀሪውን ወደ ሌላ። ዓይናቸው በደንብ ስለማያይ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን ያነሱታል።

"ለዘር ነው?" አልኳቸው።

"ለዘር ነው።"

"የዘንድሮው መዝሪያ እኮ ገና ነው።"

"የእኛው ገና ነው" አሉ።

አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ ጥያቄ አመጡ። መሬቱ ሜዳ ነው ዳገት? ውሃው ከየት ይገባል? በየት ይወጣል? የማውቀውን መለስኩላቸው። በየት ይወጣል ለሚለው "አይወጣም" አልኩ። "ችግሩ እሱ ነው። ቦይ ያስፈልገዋል፤ የሚቆፍር ደግሞ የለም።"

የእኛ ማሳ ረግረግ ነው። ውሃ የሚጠነፍፍበት ቦይ ካልተቆፈረ ድንችም ገብስም አይሆንም። አባዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቦይ ሲቆፍሩ ነው የኖሩት። ልጅ ሆኜ ፈንታና እኔ ቦዩ ውስጥ ገብተን ስንሮጥ ከላይ ጭንቅላታችን አይታይም ነበር።

"ባልዮው ምን ይሠራል?" አሉ።

"ደሳለኝ ብቻውን ነው። ሊሄድ ነው። ልብሱን አስሯል።"

እጃቸው ቆመ። ከዚያ መልቀማቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ቆይተው፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው፣ "እኔ እሄዳለሁ" አሉ።

"የት?"

"እዚያ።"

"አባዬ፣ ያ አገር እኮ እሳት ነው! ጠዋት እንኳ ያልባል። ደረትዎ ደግሞ—"

"ደረቴ ብርድ ነው የሚያመው።"

"መንገዱስ? አንዴ ክፍት ነው ይላሉ፣ አንዴ ተዘጋ ይላሉ።"

"ክፍት ሲሆን እሄዳለሁ።"

"ባትቀበልዎትስ?" አልኩ። ይኼ ለምን ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። 

አባዬ ፍሬውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። "አፈሩን ከቀመስኩ ወዲህ ውሃ አይጣፍጠኝም እናኑ" አሉኝ። "ልጄ እዚያ ላይ ነው የምትበላው። እዚያ ላይ ነው የወለደችው። እኔ እዚህ ጥቁር አፈር ላይ ተቀምጬ ስሟን አልጠራም እላለሁ። አትቀበለኝ። ቦዩን ቆፍሬ እመለሳለሁ።"

ከዚያ "ገለባውን አትቀላቅዪ፤ አጥርተሽ ልቀሚ" ብለው ተቆጡኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ወሬው ወጥቷል። ጎረቤቶች ይመክራሉ፤ አንዱ ሂድ፣ አንዱ በዚህ ዕድሜ ይላል። አባዬ ለሁሉም "እሺ" ይላሉ። ከብቶቹን ጎረቤታችን ሊያይላቸው ተስማማ።

ጓዛቸው፦ አንድ ከረጢት የተለቀመ ገብስ። በሶ። የዓይን ጠብታቸው። የዶማቸው ብረት፣ ያለ እጀታ። ("ለእጀታ እዚያም እንጨት አይጠፋም።") ሁለት ጋቢ። አንዱን በግድ አስቀረሁት፤ ሲመሽ ተመልሶ ከጓዙ ውስጥ አገኘሁት።

ለፈንታ ልደውል ስልኬን ሳወጣ አዩኝ። "አትንገሪያት" አሉ።

"ለምን?"

"መንገድ ላይ ልቤ ቢመለስስ? ጠብቃኝ ብቀርባትስ?"

አልደወልኩም። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።

ከራት በኋላ በሩ ላይ ተቀምጠን ኮከቦቹን እያየን ሳለ "ልጅቱን ማን አሏት?" አሉኝ።

"ሰላም።"

"ሰላም።" በቀስታ ደገሙት። "ማንን ትመስላለች?"

ፎቶዋ ስልኬ ላይ አለ። ላሳያቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙ። "ተይው፤ ራሴ አያታለሁ።"

ሰኞ

ሸኘኋቸው። ከቤት በጨለማ ወጥተን እንጅባራ መናኸሪያ ስንደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ይቀበላቸዋል፤ አሳድሮ ወደ አዋሽ የሚሄደው መኪና ላይ ያሳፍራቸዋል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ኪሳቸው ውስጥ ከተትኩ።

የገብሱን ከረጢት ጣሪያ ላይ አይጫንም ብለው ጭናቸው ላይ አቀፉት። ከአካባቢያችን ርቀው ሄደው አያውቁም። መኪናው ሲነሳ አንዴ እንኳ እጃቸውን አላነሱም፤ ከረጢቱን ይዘዋላ። ጉሙ መኪናውን ቀስ እያለ ዋጠው። መጀመሪያ ጎማው ጠፋ፤ ከዚያ ሰዎቹ። መጨረሻ ላይ የኋላ መብራቱ ብቻ ቀይ ሆኖ ለብቻው የሚንሳፈፍ መሰለ።

ከዚያ ክፍል ነበረኝ። መምህሩ ያለውን አንድ ቃል አልሰማሁም።

ማክሰኞ

አዲስ አበባ ገብተው አድረዋል። ዛሬ ማለዳ አሳፈርኳቸው አለኝ የአጎቴ ልጅ። "አልጋ ላይ አልተኙም፤ መሬት ላይ ከረጢታቸውን ተንተርሰው ነው ያደሩት" ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ምንም።

የፈንታ ስልክ ዝግ ነው። የደሳለኝም ዝግ ነው።

ረቡዕ

ዝግ ነው።

ባልዲ መሬት አይደለም። ይኼ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አንድ ሽማግሌ ሰው የማላውቀው በረሃ ውስጥ ነው፤ የላክሁት እኔ ነኝ፣ በመርፌ ቅጠል ተማምኜ። ሙቀቱ ቢጥላቸውስ? ቦዩ ተቆፍሮ መሬቱ እምቢ ቢልስ? ደሳለኝ ቀድሞ ሄዶ ቢሆንስ? አንዴ ፈንታ በሩን ስትዘጋ አያለሁ፤ አንዴ በሩ ጭራሽ የለም፣ አባዬ ነጭ ሜዳ ላይ ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ እኔ ስጠራቸው ድምፄ ጉም ሆኖ ይወጣል። ይኼን ያየሁት ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ ተገልጦ፣ ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ነው።

ገብሱን አጠጣሁ። ሌላ የምሠራው ስላጣሁ ነው። የሁለተኛው ረድፍ ለጋ ቅጠሎች መዘርጋት ጀምረዋል። ጠባብ ናቸው፤ ቀለማቸውም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ደህና አፈር ላይ ያሉትን አይመስሉም። እንደ ሌላ እህል።

ሐሙስ

ደወለች። ቀትር ላይ፣ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ። ስሟን ስክሪኑ ላይ ሳይ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"እናኑ" አለችኝ። እናኑዬ አላለችም። ድምጿ በጣም ዝቅ ያለ ነው። "ምን አደረግሽኝ?"

"ደረሱ?"

"ትናንት ከሰዓት፤ መንገድ ላይ አድረው፣ ሰው እየጠየቁ። መብራት ስለሌለ ስልካችን ሞቶ ነው፤ አሁን ነው ሰው ጋ ቻርጅ ያደረግነው። ሰላም ሮጣ መጥታ 'አንድ ሰውዬ ጨርቅ ለብሶ ማሳው ውስጥ ቆሟል' አለችኝ። ወጣሁ። ጋቢ። በዚህ ሙቀት ጋቢ!" አፏን በእጇ የያዘች መሰለኝ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አልቻልኩም።

"ምን አሉሽ?"

"ምንም። እኔም ምንም። ቆመን ተያየን። እግራቸው ሥር ለመውደቅ ጎንበስ ስል 'መሬቱ ወደየት ነው የሚያዘነብለው?' አሉኝ። እንደዚህ፣ ፊት ለፊት፣ እኔን። ወደ ወንዙ ነው አልኳቸው። 'እንግዲያው ከላይ ነው የምንጀምረው' አሉ።"

ደሳለኝስ አልኳት። ትናንት ማታ ሲያያቸው ተደናግጦ ውጭ ቆመ አለች። አባዬ የዶማውን ብረት ሰጥተውት እጀታ አብጅለት አሉት። አበጀለት። ዛሬ ጠዋት ከፀሐይ በፊት ሁለቱ ወጥተው ትንሽ ቆፍረዋል። ሳይነጋገሩ።

"ልብሱን ፈታው?"

"አልፈታውም" አለች። "ባለመሬቱም ከነገ ወዲያ ይመጣል። ምን እንደምንለው አልተማከርንም። ደሳለኝ ዝም ብሎ አንዴ ቦዩን፣ አንዴ መንገዱን ያያል። እኔም አልጠየቅኩት። መሬቱም ገና መሬት ነው እናኑ፤ ዛሬ ጠዋት ከቆፈሩት ላይ እንኳ ነጩ ወጥቶበታል።"

ስለ ማጠቢያው ውሃ፣ ቦዩ ምን ያህል መጥለቅ እንዳለበት፣ ዘሩን እንዳትቸኩል ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። "ቀስ በይ" አለችኝ፣ "ጮክ ብለሽ አታውሪ።"

"ለምን?"

"ተኝተዋል። ወንዙ ዳር፣ ያ ዛፍ ሥር። ሙቀቱ ሲበረታ እንዲያርፉ ለመንኳቸው፤ እኔ አልደከመኝም እያሉ ነው እንቅልፍ የጣላቸው። ሰላም አጠገባቸው ተቀምጣ ዝንብ ትከላከላለች። አባዬ ቀን ሲተኙ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። የትናንትናውን ሌሊት እንኳ ሲገላበጡ ነው ያደሩት። አሁን ግን..." አልጨረሰችውም። ኮቴዋ ደረቅ አፈር ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ስልኩን ወደ እሳቸው አስጠጋችልኝ።

መጀመሪያ ንፋስ ብቻ ነበር። ከዚያ የፍየል ድምፅ፣ ከሩቅ። ከዚያ አባዬ፣ ረጋ ባለ፣ በከባድ ትንፋሽ ሲያንኮራፉ። ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ተማሪ በግራና በቀኜ እያለፈ፣ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ሰማኋቸው።